ላባዋን የምትቀይር ወፍ

አባቴ ውሃ የሚፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያሳመኑኝም እሑድ እሑድ በአውቶቡሱ ለሽርሽር የሚሳፈሩት ሰዎች ናቸው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ትልቅ ትንሹ ልብሱን እየጣለ ወደ ውሃው ሲሮጥ፣ አባቴ ብቻ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ይቀራል። «ሹፌራችን ከጨው የተሠራ ነው፤ ውሃ ከነካው ያልቃል» ይላሉ። አባቴ ይሰማል፣ አይመልስም። ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ መሪው ላይ ይደገፋል። እኔ ግን አፍርለት ነበር።

አሁን ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ያንን ሐይቅ በጉብዝናው ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በዋና ያቋርጥ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከሞተ በኋላ ነው። ድሮ ከእሑድ ጉዞ ሲመለስ ፀጉሩ እርጥብ ነበር አለችኝ። አንተ አብረኸው መሄድ ከጀመርክ ወዲህ ነው ደርቆ መምጣት የጀመረው።

አውቶቡሱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የፋብሪካ ሠራተኞችን ያመላልሳል። እሑድ ግን ለከተማው ሰው ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከገበያው ጥግ ይነሣል፤ ድልድዩን ተሻግሮ በጥድ ደኑ መካከል ጠመዝማዛውን ዳገት ይወጣል። ኮረብታው አናት ላይ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ፤ ጣሪያው ወድቋል፣ ግንቡ ቆሟል። ከግርጌው ሐይቁ ነው። ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም አይቶ፣ ዋኝቶ፣ ዳቦውንና የተቀቀለ እንቁላሉን ሣር ላይ በልቶ፣ ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ስለሚያቃስት «ባልቴቷ» ይሉት ነበር። አባቴ ባልቴቷን እንደ እናቱ ነው የሚይዛት። ማርሽ ሲቀይር አይሰማም። ኩርባ ላይ እጅህ ያለ ሻይ አይፈስም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹፌር አይቻለሁ፤ እንደሱ የሚነዳ ግን አላጋጠመኝም።

እናቴ እሑድ የሰው ልብስ ስለምትሰፋ እኔ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ። ቦታዬ ከመሪው አጠገብ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ነው። ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ ከሥር ይሞቃል። ከኋላችን ቆማ የምታስጎበኘው አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እኅት። ሰዉ «ሬዲዮ» ብሏታል፤ ጠዋት ከተከፈተች የምትዘጋው ተመልሰን ስንወርድ ነው። አባቴ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። «እናታችን ስታካፍለን ምላሱን ለእኔ፣ ጆሮውን ለእሱ ሰጥታን ነው» ትላለች።

የመጀመሪያው ጉዞዬ እንደ ትናንት ነው። ያኔ ሐይቁ ይቀድም ነበር። አባቴ የተነፈሰ ጎማ ሲቀይር ሰዉ ዋኘ፤ ከምሳ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጣን። በሩን የከፈቱልን ዘበኛው ናቸው። ክንድ የሚያህል ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ «ጋሽ ቁልፌ» ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ እግራቸው ድምፅ የሌለው ሰው ነበሩ።

የመጨረሻው አዳራሽ ወለል ከጥቃቅን ባለቀለም ድንጋዮች የተሠራ ነው። መጀመሪያ ስታየው አቧራ ነው። ጋሽ ቁልፌ ባልዲ ይዘው መጡና ውሃውን እንደ ዘር በእጃቸው በተኑት። ድንጋዩ ውሃ ሲቀምስ ቀለሙ ነቃ። ከአቧራው ሥር አንዲት ወፍ ወጣች። የተዘረጋው ክንፏ ከአባቴ ቁመት ይበልጣል። ክንፏ ሰማያዊ ነው፣ ደረቷ ቀይ፤ ዓይኗ አንዲት ጥቁር ጠጠር፣ አተር የምታህል። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። አክስቴ ሳትቀር ዝም አለች። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ መሠራቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ዓይኗ ላላ ብላ ነበር። ሰዉ ወደ መውጫው በር ዞር ሲል ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ነካኋት፤ ወጣች። መስረቅ አልመሰለኝም። እናቴ ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ ተደፍታ የምትውል ሴት ናት፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ታውቅ ብዬ ነው። ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ስንመለስ የሞተሩ ክዳን ላይ ሆኜ ኪሴን እነካለሁ፣ ደግሞ እነካለሁ። አባቴ ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል በሚመስል አኳኋን አየት አደረገኝ። «ደክሞሃል፤ ተኛ» አለኝ። ሙቀቱ አባበለኝ፣ ተኛሁ። ቤት ስደርስ ድንጋይዋ የለችም። ሳለቅስ እናቴ ምን ጠፍቶህ ነው ብላ ኪሴን ገለበጠችው። «ቀዳዳ የለውም» አለችና ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል።

በሚቀጥለው እሑድ ጉዞው ተገለበጠ። ባልቴቷ ሐይቁን በስተቀኝ ትታ ቀጥታ ወደ ኮረብታው ወጣች። አክስቴ ገና የሐይቁን ታሪክ ጀምራ ነበር፤ አፏ ውስጥ ቀረ። «ዛሬ መንገድ ጠፋህ?» ብትለው «ጠዋት ጠዋት ግንቡ ያምራል» አላት። ደርሰን እኛ በር ላይ ስንጠብቅ፣ እሱና ጋሽ ቁልፌ ሁለቱ ብቻ ገብተው ቆዩ። ሲወጣ ጉልበቱ አቧራ ነበር። ስንገባ ውሃው ተበተነ፣ ወፏ ወጣች። ዓይኗ ቦታዋ ላይ ናት።

የአክስቴን ቀሚስ ጎተትኩና ዓይኗ ጠፍታ እንደነበር፣ አሁን ግን መመለሷን በጆሮዋ ነገርኳት። ማን እንዳጠፋት አልተናገርኩም።

«ታዲያ ወፍ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። «ላባዋን ትቀይራለች፤ ሲላት ደግሞ ዓይኗን ትገልጣለች።»

ቀልዷን ነው። እኔ ግን አመንኳት፤ ብታምኑም ባታምኑም ማስረጃ ነበረኝ። አንድ እሑድ የቀኝ ክንፏ ጫፍ ጎድሎ አያለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሞልቶ አገኘዋለሁ። አንድ ጊዜ ከደረቷ የእጄ መዳፍ ያህል ቀይ ተነቅሎ፣ ሥሩ ያለው ኖራ ነጭ ሆኖ ታየ። እንደ ቁስል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጨነቀኝ። እሑድ ስንደርስ ድኖ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ከክሩ ቀና ሳትል «እሷስ ታድላ» አለች።

ነገር ከዚያ በኋላ መክረር ጀመረ። ሰዉ በመጨረሻ ስለሚዋኝ ወንበሩን እያረጠበ ይመለሳል። ሰኞ የሚሳፈሩት የፋብሪካ ሠራተኞች ሱሪያቸው ረጥቦ ይወርዳሉ። ባለአውቶቡሱ ቤታችን ድረስ መጣ። አጭር፣ ሲናገር ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው። በፊት ሰዉ መጀመሪያ ዋኝቶ ግንቡን ሲዞር ልብሱ በላዩ ይደርቅ ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን ይበላሻል አለ። አባቴ፣ ወንበሩን እኔ አደርቀዋለሁ አለው። እውነትም ያደርቀዋል፤ እሑድ እንደተመለስን ትራሶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ይጨምቃል፣ የቤታችን አጥር ላይ ያሰጣል፣ ጠዋት መልሶ ይጭናል።

«ምክንያትህን ንገረኝና ልተውህ» አለ ባለአውቶቡሱ።

«ጠዋት ግንቡ ያምራል።»

«አንተ ደግሞ ያማረ ነገር ማየት የጀመርከው መቼ ነው?»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ባለአውቶቡሱ ሲወጣ፣ ለአንድ ግንብ ብለህ እንጀራችንን ልትዘጋው ነው ወይ አለችው። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ረጅም ነገር ተናገረ፤ አሥር ቃሉን በአንድ ጊዜ የጨረሰ መሰለኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው አንድም ቀን አላነሣችም። እሑድ ጠዋት ስንወጣ ግን እስከ በሩ ድረስ መሸኘት ጀመረች።

አንድ እሑድ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ባለመነጽር ሰው ጠበቀን። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ወፏ ላይ ተንበርክኳል፤ ፎቶውን ያያል፣ ወለሉን ያያል፣ በጣቱ ይከተላል። ጋሽ ቁልፌ ከግድግዳው ተለጥፈው ቆመዋል፤ ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል። አባቴ በር ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክረዋል። ሰውየው ተነሣና ጉልበቱን አራገፈ። ደህና ነው አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «አንዲት ጠጠር ጎድላ ባገኝ ግን በሩ ይታሸጋል፤ እርስዎም ቁልፉን አስረክበው ወደ ቤትዎ ነው።» ሲሄድ አባቴና ጋሽ ቁልፌ ተያዩና ሳቁ። አባቴ በድምፅ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ በፎቶ የተፈተነች ወፍ አስቃቸው ይሆናል ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ እሾህ ወጋኝ።

ሐይቁ ዳር ነበርን። እሾሁን እንዲያወጣልኝ እያነከስኩ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። አባቴ አልተኛም። በወንበሮቹ መካከል ይሄዳል። ሁሉንም ቦርሳ አይደለም የሚነካው፤ የሚሄድበትን ያውቃል። አንድ የሰሌን ዘንቢል ጋ ቆመ፣ ፈታው፣ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፣ ትንሽ ነገር አወጣ። ዘንቢሉን መልሶ አሠረው፤ ቋጠሮው ባለቤቷ እንዳሠረችው ዓይነት ነው። ወደ ኋላ ሄደና ከተሰቀለ ሱሪ ኪስ ደግሞ አወጣ። ሁለቱንም ከወንበሩ ሥር ያለው የብሎን ጣሳ ውስጥ ጨመረ። ቀጭ አለ።

እሾሁን ረሳሁት። ቁጥቋጦ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዓይኔን ከጣሳው አልነቀልኩም። አባቴ ጣሳውን ይዞ ወረደ፤ ጋሽ ቁልፌ ተቀበሉት፣ ከበሩ ኋላ አኖሩት፤ ስንወጣ ብሎኑን ከነጣሳው መለሱለት። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። በቃ፣ ተቀባዩም ታወቀ አልኩ በሆዴ። ጋሽ ቁልፌ ሁልጊዜ የሚሰጡኝን ዘይቱን ያን ቀን ሲዘረጉልኝ አልበላም አልኳቸው። አዩኝ። ዘይቱኑን ደረታቸው ላይ ጠርገው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ነገር በሆድ ይዞ መቆየት ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። አባቴን እወደው ነበር። ሲነዳ እጁን ነበር የማየው፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ እጅ። አሁንም እሱኑ አያለሁ፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ነው የሚታየኝ።

ባለአውቶቡሱ ራሱ የተሳፈረው ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ጉዞው ለምን እንደተገለበጠ በዓይኑ ሊያይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቆዳ ቦርሳ የያዘ ሰው ነበር፤ አክስቴ የምትናገረውን ሁሉ የሚያርም። ቤተ መንግሥቱን አየን፣ ወደ ሐይቁ ወረድን፣ ሰዉ ዋኘ። አባቴ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረ። ባለአውቶቡሱ ሣር ላይ ተንጋሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ልንነሣ ስንል ባለሙሉ ልብሱ ቦርሳው ውስጥ እጁን ከተተ። ፊቱ ጠቆረ። «ቦርሳዬ ተከፍቷል» አለ። ባለአውቶቡሱ ምን እንደጠፋበት ጠየቀው።

«ትልቅ ነገር ነው።»

«ሰዓት ነው? ወርቅ ነው?»

«ትልቅ ነገር ነው አልኩ።»

አውቶቡሱ በር ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ልጅ አዝላለች። ባለሙሉ ልብሱ ዘወር ብሎ አያት። «ሌላ ማን አለ?» አለ። ቀኑን ሙሉ እዚህ በር ላይ ያለችው እሷ አይደለችም ወይ። ሁለት ጎልማሶች ክንዷን ያዙ። ሙዙ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሴትየዋ እየማለች ነው፣ የታዘለው ልጅ ያለቅሳል፣ አንዱ ፖሊስ ይጠራ ይላል።

አባቴ መስታወት የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠ። አንድ እግሩን ከደረጃው አወረደ። እኔ ግን ቀደምኩት።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «አባቴ ነው። እጁን ሲያስገባ አይቻለሁ።»

ጨርቁን ማስቀመጡን ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ራሱ ሊናገር ነበር። አንድ ትንፋሽ ብታገሥ ኖሮ ከእሱ አፍ ይወጣ ነበር፤ ለእሱ ልዩነት አልነበረውም፣ ለእኔ ግን ሕይወቴን ሙሉ ልዩነት ሆነ።

ሰዉ ሴትየዋን ለቀቀ። ባለአውቶቡሱ እውነት ነው ወይ አለው። አባቴ፣ እውነት ነው፣ ከፍቻለሁ አለ። ምን ወሰድክ ሲባል ዝም። ባለአውቶቡሱ ኪሱን ፈተሸ፤ መሐረብና እርሳስ ነው። የወንበሩን ሥር በረበረ፤ ጣሳውን አገኘና መቀመጫው ላይ ገለበጠው። ብሎን ወጣ፣ ዳዶ ወጣ፣ ኖራ የነካካው ቀይና ሰማያዊ ጠጠር ወጣ።

«ብሎንና ጠጠር!» አለና ጣሳውን ወረወረው።

ባለሙሉ ልብሱ ግን ጠጠሩን አየ። አንገቱ ድረስ ቀላ። ከኋላ አንዲት ወጣት ሴት ዘንቢሏን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ወደ ሐይቁ ዞረች። ፀጉሯ የሚንጠባጠበው አክስቴ በሰዎቹ መካከል ሰንጥቃ መጣች፤ እሷም መቀመጫው ላይ ያለውን አየች። አፏን ከፈተች። አባቴ እኅቱን በቅጽል ስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

«ሬዲዮ» አላት። «ዛሬ ዝጊ።»

ዘጋች። እንባዋ ብቻ ወረደ።

ባለሙሉ ልብሱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ተሳስቼ ነው፣ ምንም አልጠፋብኝም፣ ይቅር አለ። ባለአውቶቡሱ ግን ይቅር አላለም። የጠፋ ባይኖርም እጁ ገብቷል፤ የገዛ ልጁ መስክሮበታል፤ የእንግዳ ቦርሳ የሚከፍት ሹፌር አላሳድርም አለ። ሌላ መንዳት የሚችል ስላልነበረ ግን፣ ከተማ ድረስ ንዳውና ቁልፉን ታስረክበኛለህ አለው።

አባቴ መሬት ላይ የተዘረገፈውን ሙዝ ለቅሞ ለሴትየዋ ሰጣት። ጠጠሩን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሰ። ከዚያ መሪውን ያዘ። እኔ የሞተሩ ክዳን ላይ ነኝ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ ማንም ማንንም አያይም። ባለአውቶቡሱ ከፔርሙዝ ሻይ ቀድቶ ነበር። ኩርባዎቹን ሁሉ አለፍን። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ገበያው ጥግ ቁልፉን አስረከበ። ጣሳውን ለአክስቴ ሰጣትና እሑድ ለጋሽ ቁልፌ አድርሺ አላት። እሷም አለችበት እንዴ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«እጄን ቦርሳ ውስጥ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ያየኸውን ነው የተናገርከው። በዚህ አትፀፀት።»

ሌላ ምንም አላለም፤ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን እስከ ዕለተ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የአሸዋና የጠጠር መኪና ነዳ፤ ሲመጣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ አደግሁ። ሌባ ነው ብዬ ለማንም አላወራሁም፤ እሱን ማለት አልችልም። ግን ክፍሌ ሲገባ ቦርሳዬን ከአልጋው ላይ አንሥቼ ወደ ጥግ አደርጋለሁ። ሳላስበው ነው የማደርገው። እሱ አይቷል። ዓይኑ ነገር የሚያልፈው ሰው አልነበረም። አንድም ቀን ለምን አላለኝም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሞተ። እናቴ ስለ እርጥቡ ፀጉር የነገረችኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለምን አትነግሩኝም ነበር አልኳት። ምኑን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም። «እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው» አለች። «ሂድና ቁልፍ ያዡን ጠይቅ።»

ጋሽ ቁልፌ ሸምግለዋል። ቁልፉን ለልጃቸው አስረክበው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ከኪሳቸው ዘይቱን አወጡ። በላሁ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ተሳፋሪው ለመታሰቢያ እያለ ከወፏ ይነቅል ነበር። እሳቸው አንድ ናቸው፣ ሰዉ ስልሳ ነው። ቢናገሩ በሩ ይታሸጋል፣ እሳቸውም ሰባት ልጅ ይዘው ይወጣሉ። አባቴ መላ አመጣ፤ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ፣ ቀጥሎ ሐይቁ። ሰው ሲዋኝ ኪሱን አውልቆ ይሄዳል። የተወሰደው በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል፤ እሳቸው በማግስቱ ጠዋት በኖራ ይለጥፉታል። ያን ቀን ሐይቁ ዳር አፉን ቢከፍት ራሱን ያድን ነበር፤ ወሬው ግን መሥሪያ ቤት ደርሶ በሩ ይዘጋ ነበር።

«እኔ በሥራዬ እንድቆይ እሱ ከሥራው ወጣ» አሉኝ። «አክስትህ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለሰዉ፣ ከዚህች ወፍ ላባ የነቀለ ፀጉሩ ይረግፋል ማለት ጀመረች። ውሸት ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጠጠር አልጠፋም። አባትህ ሰምቶ ተቆጥቷት ነበር፤ መዋሸቷን አልወደደም።»

ሳቅሁ። ከዚያ ለምን ተሳፋሪዎቹን መልሱ አይላቸውም ነበር፣ ለምን እንደ ሌባ በስውር አልኳቸው። ማን እንደወሰደስ በምን ያውቅ ነበር።

«በመስታወቱ ነዋ። የወሰደ ሰው ኪሱን ይዳስሳል ይለኝ ነበር።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «‹መልሱ› ያላላቸው ለምን እንደሆነ እኔም ጠይቄዋለሁ። የመጀመሪያዋን ድንጋይ ያመጣልኝ ቀን ነው። በመሐረብ ጠቅልሎ ነው ያመጣት፤ ኖራውን ስጡኝ፣ በራሴ እጅ ልመልሳት አለኝ። ሊያሳፍረው የማይፈልገው ሰው ነበር የወሰዳት። እኔም የሌሎቹን ነገርኩት። ያንዱን ሸፍኜ የሌላውን አልገልጥም፤ እነሱንም የወለዳቸው አለ አለኝ።»

ልጃቸውን ጠሩና ባልዲ አስመጡ። ወደ አዳራሹ ገባን። ውሃውን እኔ እንድበትን ሰጡኝ። አቧራው ሄደ፣ ሰማያዊው ነቃ፣ ቀዩ ነቃ። ከሁሉ በኋላ ዓይኗ። ጥቁር፣ አተር የምታህል፣ ትንሽ ዘመም ያለች፤ ባለሙያ ያላስቀመጣት መሆኗ ያስታውቃል።

«እኔ ላስተካክላት አልደፈርኩም» አሉ ጋሽ ቁልፌ።

ወፏ አየችኝ። እጄ፣ ሳላዘው፣ ወደ ኪሴ ሄደ።